የታንጋኒካ ዛጎል አዳሪ ዓሦች ከሐይቁ ወደ መስተዋት ገንዳ የገቡበት ታሪክ

በታንጋኒካ ሐይቅ ውስጥ፥ የሞተ ቀንድ አውጣ የተወውን ባዶ ዛጎል ቤት አድርገው የሚኖሩ ትንንሽ ዓሦች አሉ። ጠላት ሲመጣባቸው ወደ ዛጎሉ ይሸሻሉ፤ ሴቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው በዛጎሉ ውስጥ ነው፤ ጫጩቶቹም የሚያድጉት በዚያው ነው። ነገዳቸው ሲክሊድ ይባላል፤ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን እየተጠመደ ወደ ገበያ የሚመጣው ቆሮሶም የዚሁ ነገድ አባል ነው። ቆሮሶን በምጣድ ላይ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን እነዚህን አውራ ጣት የሚያህሉትን ዘመዶቹን ቢያይ ዝምድናቸውን በቀላሉ አያምንም።

ዛሬ እነዚህ ዓሦች በአውሮፓ፥ በአሜሪካና በጃፓን በብዙ ሰው ቤት በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ይኖራሉ። ባለ ገንዳው አሸዋ ያነጥፋል፥ ዛጎል ይበትናል፥ ውኃ ይሞላል፥ ዓሦቹም ወዲያው ቤታቸውን ለይተው ይይዛሉ። ይህ ቀላል የሚመስል ሥራ ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ ታሪክ አለው። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ዛጎሉም ዓሣውም ከ1910 በፊት በሊቃውንት መዝገብ ገብተው ሳለ፥ ቤቱና ባለ ቤቱ አብረው እንዲታዩ ይህን ያህል ጊዜ የወሰደው ስለ ምንድን ነው? በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከሐይቁ ሳይሆን ከገንዳው መጀመር ይሻላል፤ ምክንያቱም የመስተዋቱ ገንዳ ራሱ የተወለደው ስለ ዛጎል ባለቤትነት ከተነሣ ክርክር ነው። ዣን ቪልፕሩ ፓወር በ1794 በፈረንሳይ አገር ዡያክ በምትባል ትንሽ ከተማ ከጫማ ሰፊ አባት ተወለደች። ፓሪስ ገብታ ልብስ ሰፊ ሆነች፤ በ1816 የቤሪው መስፍን ያገባት ልዕልት የለበሰችውን የሠርግ ልብስ በመሥራትዋ ስምዋ ተሰማ። በ1818 ጄምስ ፓወር የተባለ ነጋዴ አግብታ በሲሲሊያ ደሴት በመሲና ከተማ ተቀመጠች፤ በዚያም ራስዋን በራስዋ እያስተማረች የባሕር እንስሶችን ትመረምር ጀመር። በዚያን ዘመን አርጎናውት ስለሚባለው፥ ስምንት እጅ ስላለውና በቀጭን ነጭ ዛጎል ውስጥ ስለሚኖረው የባሕር እንስሳ ሊቃውንቱ ተከፋፍለው ነበር። ገሚሶቹ ዛጎሉን ራሱ ይሠራዋል ሲሉ፥ ገሚሶቹ ደግሞ እንደ አንዳንድ ሸርጣን የሌላ እንስሳ ዛጎል ቀምቶ የሚኖር ሌባ ነው ይሉ ነበር። እርስዋ በ1832 የባሕር ውኃ የሚይዝ የመስተዋት ሣጥን አሠርታ እንስሳውን ከነሕይወቱ አስቀመጠችው፤ ዛጎሉን ስትሰብርበት ራሱ ሲጠግነው አየች። ክርክሩም በዚህ ተፈረደ። በ1838 የሰበሰበችውን ዕቃና ሥዕሎችዋን የጫነው መርከብ ሰጥሞ ብዙው ልፋትዋ ጠፋባት፤ ይሁን እንጂ የደረሰችበት ውጤት አስቀድሞ ተሰምቶ ስለ ነበረ አልጠፋም።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። አርጎናውት የተከሰሰበትና ነፃ የወጣበት ነገር፥ ይኸውም በሌላው ዛጎል መኖር፥ የታንጋኒካ ዓሦች በእርግጥ የሚያደርጉት ነው።

በንጹሕ ውኃ የሚሠራው ገንዳ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በለንደን ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ 54 ሊትር ያህል በሚይዝ ዕቃ ውስጥ ሁለት ወርቃማ ዓሦችንና የውኃ ተክል አኖረ። የተክሉ ቅጠል እየበሰበሰ ውኃውን ሲያበላሸው ጥቂት ቀንድ አውጣዎች ጨመረበት፤ እነርሱም ብስባሹን እየበሉ ውኃው ጠራ። ይህንኑ በ1850 አሳተመ። ተክሉ ለዓሣው ኦክሲጅን ይሰጣል፥ ዓሣው ለተክሉ የሚሆነውን ያወጣል፥ ቀንድ አውጣውም ያጸዳል፤ የቤት አኳሪየም ጥበብ ሁሉ የቆመው በዚህ አሳብ ላይ ነው። በ1853 የለንደን የእንስሳት ማኖሪያ ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ከፈተ፤ በ1854 ደግሞ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ስለ አኳሪየም መጽሐፍ አሳትሞ ነገሩ በእንግሊዝ አገር ወረት ሆነ።

የአኳሪየሙ ወረት ገና ሳይበርድ፥ ሁለት እንግሊዛውያን ወደ ታንጋኒካ ደረሱ። ሪቻርድ በርተን በእኛ አገር ታሪክ የታወቀ ነው፤ በጥር 1855 ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል የቆየው እርሱ ነው። ጓደኛው ጆን ሃኒንግ ስፒክ ደግሞ በዚያው ዓመት በሚያዝያ በበርበራ ሰፈራቸው በሌሊት ሲመታ ተማርኮና ክፉኛ ቆስሎ ያመለጠው ነው። እነዚሁ ሁለት ሰዎች በየካቲት 1858 ከዛንዚባር ጠረፍ ተነሥተው ወደ ታንጋኒካ ዳር ደረሱ። በርተን በወባ እግሩ ተይዞ በሰው ሸክም ይሄድ ነበር፤ የስፒክም ዓይን ታሞ ሐይቁ እንደ ጭጋግ ብቻ ይታየው ነበር። ስለዚህ ሁለቱን እስከዚያ ያደረሷቸው የተሸካሚዎቹ ትከሻና ሲዲ ሙባረክ ቦምቤን የመሰሉ መሪዎች መሆናቸውን መርሳት አይገባም።

ዓይኑ የታመመው ስፒክ ግን ከሐይቁ ዛጎል ለቅሞ ይዞ ሄደ። በ1859 ሳሙኤል ዉድዋርድ የተባለ የእንግሊዝ ሊቅ ዛጎሎቹን መርምሮ ስም አወጣላቸው፤ ከሁለት ክፍል የተሠሩትን ዛጎሎች አንዱን በስፒክ፥ አንዱን በበርተን ስም ጠራቸው። ከዚያም ኤድዋርድ ሆር የተባለ የለንደን ሚሲዮን ሰው በሐይቁ ዳር ሲኖር የሰበሰባቸው ዛጎሎች ደረሱ። በ1880 የብሪታንያ ቤተ መዘክር ሊቅ ኤድጋር ስሚዝ ለእኛ ነገር ዋና የሆነውን ቀንድ አውጣ ኒዮታውማ ታንጋኒሰንሴ ብሎ ሰየመው። ይህ ቀንድ አውጣ ዛሬ ከታንጋኒካ በቀር በሌላ ሐይቅ ሕያው ሆኖ አይገኝም፤ ዛጎሉም እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ያድጋል። ዓሦቹ ቤት የሚያደርጉት በተለይ የዚህን ዛጎል ነው።

የታንጋኒካ ዛጎሎች ወፍራምና የተቀረጹ ስለ ሆኑ የባሕር ዛጎል ይመስላሉ። ከዚህ የተነሣ ጆን ኤድመንድ ሻሮክ ሙር ሐይቁ በጥንት ዘመን ከውቅያኖስ ጋር የተገናኘ ነበር፥ እንስሶቹም የዚያ ባሕር ቅሬታ ናቸው ብሎ አሰበ። በ1895 እና በ1899 ሁለት የጥናት ጉዞ አድርጎ በ1903 «የታንጋኒካ ችግር» የሚል ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። አሳቡን ለመፈተን ዊልያም ከኒንግተን በ1904 እና በ1905 ሦስተኛውን ጉዞ መራ፤ የሙር አሳብም አልጸናም። ባሕር የሚያስመስላቸው ሐይቁ ራሱ ሚሊዮኖች ዓመታት የቆየ በመሆኑ እንስሶቹ በዚያው ውስጥ ተለዋውጠው የየራሳቸውን መልክ ማግኘታቸው ነው። ስሕተቱ ግን ጥቅም ነበረው፤ ያ ክርክር ባይኖር ኖሮ ማንም ለዓሣና ለቀንድ አውጣ ሲል ሦስት ጉዞ ባላስነሣም ነበር።

የሙርና የከኒንግተን ዓሦች ሁሉ በአልኮል ተሞልተው ለንደን ለጆርጅ አልበርት ቡላንዤ ተላኩለት። ቡላንዤ ቤልጅጋዊ ሲሆን በብሪታንያ ቤተ መዘክር የዓሣ ክፍል ይሠራ ነበር፤ ኤድዋርድ ዴገን ከጣና ያመጣቸውን ዓሦች በ1902 የሰየመው ይኸው ሰው ስለ ሆነ፥ የጣናና የታንጋኒካ ዓሦች ስማቸውን ያገኙት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ከዛጎል አዳሪዎቹ ውስጥ ብሬቪስን በ1899፥ ሙልቲፋሲያቱስንና ካሊፕቴሩስን በ1906 የሰየመ እርሱ ነው። ኦሴላቱስን ደግሞ በ1909 የቪየናው ሽታይንዳክነር ሰየመው።

እነዚህን አራት ስሞች ተርጉመን ብናያቸው ታሪኩን ይነግሩናል። ብሬቪስ አጭር ማለት ነው፤ ሙልቲፋሲያቱስ ብዙ መስመር ያለው፤ ካሊፕቴሩስ ክንፈ ውብ፤ ኦሴላቱስ የዓይን ምልክት ያለው ማለት ነው። አንዱም ስም ስለ ዛጎል አያነሣም። ሁሉም በብልቃጥ ውስጥ ከተቀመጠ ሬሳ ላይ የሚታይ ነገር ነው። አንድ ሰው ጎጆ ውስጥ የሚኖርን ቤተሰብ አግኝቶ ጎጆውን ለአናጢ፥ ሰዎቹን ለሐኪም ልኮ መልካቸውን ብቻ ቢያስጽፍ ይህንኑ ይመስላል። የስሚዝ ዛጎልና የቡላንዤ ዓሣ በአንድ ቤተ መዘክር ጣራ ሥር ነበሩ፤ ዛጎሉ በቀንድ አውጣዎች ክፍል በመሳቢያ፥ ዓሣው በዓሦች ክፍል በብልቃጥ ተቀምጦ። የለያያቸው የዕውቀት ማነስ ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ ይልቁንም የሥራው ክፍፍል ነው። መረብ የጣለው ሰብሳቢ ዓሣውን ወደ አልኮሉ፥ ዛጎሉን ወደ ሣጥኑ ባስገባበት ሰዓት ነገሩ አበቃ።

እርግጥ ነው፥ ጸሐፊዎቹ በስሞቹ ላይ አላኖሩትም ማለት የሐይቁ ዳር ሰው አያውቀውም ነበር ማለት አይደለም። በዚያ ሐይቅ ላይ ዓሣ እያጠመዱ የኖሩ ሰዎች ከስፒክ በፊትም ነበሩ፥ ከእርሱ በኋላም አሉ። እኛ የምንጽፈው የመሳቢያውንና የብልቃጡን ታሪክ መሆኑን ግን አንባቢ እንዲያስታውስ እንፈልጋለን።

ዛጎሉና ዓሣው መልሰው የተገናኙት ቀስ በቀስ ነው። በ1946 እና በ1947 የቤልጅግ መንግሥት የላከው የጥናት ጉዞ ሐይቁን በስፋት መረመረ፤ የጉዞው የዓሣ ሊቅ ማክስ ፖልም በ1956 ስለ ሲክሊዶቹ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ከሊቃውንት ሳይሆን ከነጋዴ ነው። ፒየር ብሪሻር የተባለ ቤልጅጋዊ በቡሩንዲ፥ በቡጁምቡራ ተቀምጦ በ1970ዎቹ ዓመታት የሐይቁን ዓሦች ከነሕይወታቸው እየያዘ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ይልክ ነበር። ዓሣውን የሚይዙት በሐይቁ ውስጥ እየጠለቁ በመሆኑ፥ የያዙትን ዓሣ የሚያዩት በቤቱ ነው። ብሪሻር ያየውን በ1978 በመጽሐፍ አወጣ። ጃፓናውያን ሊቃውንትም በኪዮቶው ሂሮያ ካዋናቤ መሪነት ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እየጠለቁ የዓሦቹን ኑሮ ይጽፉ ጀመር። ለንግድ የተሰበሰበ ዓሣ ለዕውቀት ከተሰበሰበው ይልቅ ስለ ዓሣው ኑሮ ብዙ ማስተማሩ ለታሪክ ተማሪ የሚያስደንቅ ነው፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ነጋዴው ዓሣውን ከነሕይወቱ ማድረስ ስላለበት እንዴት እንደሚኖር ማወቅ ግድ ሆነበት።

አሁን ወደ ገንዳው እንመለስ፤ በቤት ውስጥ የሚደረገው እያንዳንዱ ነገር ከሐይቁ አንድ ነገር የሚቀዳ ነውና። መጀመሪያ ውኃው ነው። የታንጋኒካ ውኃ ማዕድን የበዛበትና ወደ አልካሊ ያጋደለ ሲሆን የፒ ኤች መለኪያው 9 ገደማ ነው፤ በላይኛው ክፍል ሙቀቱ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ነው። የቀንድ አውጣ ዛጎል ከኖራ የተሠራ ስለ ሆነ አሲድ ባለበት ውኃ ይሟሟል፤ በታንጋኒካ ውኃ ግን አይሟሟም። በሐይቁ ወለል ላይ ባዶ ዛጎል ተከማችቶ ሰፊ ምንጣፍ የሆነው፥ ዓሦቹም ቤት ያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ባለ ገንዳውም በውኃው ውስጥ የተፈጨ ኮራል ወይም የኖራ ድንጋይ የሚጨምረው ይህንኑ ጠባይ ለመጠበቅ ነው።

ቀጥሎ አሸዋው ይመጣል። ደቃቅና ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው መሆን አለበት፤ ኦሴላቱስ ዛጎሉን ከሥር እየቆፈረ አፉ ከአሸዋው ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ስለሚቀብረው ነው። ጠጠር ብቻ ያነጠፈ ሰው ዓሣውን መሬት የሌለው ገበሬ አድርጎታል። ዛጎሉ ከዓሦቹ ቁጥር እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። እኔ ራሴ በአንድ ወዳጄ ቤት ስድስት ዓሣና አራት ዛጎል ያለበት ገንዳ አይቼ ነበር፤ ሁለቱ ዓሦች ቀኑን ሙሉ በማዕዘን ተደብቀው ይውሉ ነበር፤ ዛጎል ሲጨመርላቸው በማግሥቱ ጠቡ በረደ። የኒዮታውማ ዛጎል በቀላሉ ስለማይገኝ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ፈረንሳዮች ለምግብ የሚያዘጋጁትን የቡርጎኝ ቀንድ አውጣ ዛጎል ነው፤ ዓሦቹም የአፍሪቃና የፈረንሳይ ብለው አይለዩም።

ለሙልቲፋሲያቱስ፥ ወንዱ ከ5 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፥ ሴቷም ከዚያ ያነሰች በመሆንዋ፥ ዋሪንግተን የተጠቀመበትን የሚያህል ገንዳ ይበቃል። ውኃውን የሚያጠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ከገባ በኋላ ዓሣ ሳይጨመር ጥቂት ሳምንታት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ከዓሣው የሚወጣውን መርዝ አሞኒያ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በስፖንጁና በአሸዋው ላይ እስኪበዙ ድረስ ነው። ብዙ ጀማሪ ይህን ሳይጠብቅ ዓሣውን ይገድላል።

ገንዳው የገለጠው ነገር ደግሞ ሐይቁ ውስጥ ቢታይም በሰዓታት ተቀምጦ ማየት ለጠላቂ የሚከብድ ነው። ሙልቲፋሲያቱስ በጉባኤ የሚኖር ነው፤ ትልልቆቹና ጫጩቶቹ በአንድ ሰፈር ተጠጋግተው ያድራሉ። ካሊፕቴሩስ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ወንዱ ዛጎሉን በአፉ እያነሣ ተሸክሞ በአንድ ቦታ ያከማቻል፤ ሴቶቹም መጥተው በየዛጎሉ ይገባሉ። ዛጎል ለመሸከም ወንዱ ትልቅ፥ ዛጎል ውስጥ ለመግባት ሴቷ ትንሽ መሆን ስላለባቸው፥ የወንዱ ክብደት ከሴቷ ዐሥራ ሁለት እጥፍ ያህል ይሆናል። ቴትሱ ሳቶ በ1994 ባሳተመው ጥናት ይህን አከማቸት ገለጠ፤ በስዊስ በበርን ዩኒቨርሲቲ የሚካኤል ታቦርስኪ ባልደረቦችም ወንዶቹ አንዱ ከሌላው ዛጎል እንደሚሰርቁ፥ አንዳንድ ጊዜም ሴቷ በውስጡ እያለች ወስደው እርስዋን እንደሚያስወጡና ጫጩቶችዋም እንደሚጠፉ አሳዩ። ከዚህም ሌላ ድንክ የሆኑ ወንዶች አሉ፤ እነርሱ ከሴቷ ኋላ አልፈው ወደ ዛጎሉ ጫፍ ይገባሉ። በ2014 በታተመው ጥናት ይህ ድንክነት ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፍ መሆኑ ታወቀ። በዛጎል ባለቤትነት ላይ የቪልፕሩ ፓወር ዘመን ሊቃውንት ያነሡት የሌብነት ክስ፥ ተከሳሹ ሌላ ይሁን እንጂ፥ በመጨረሻ ማስረጃ አገኘ።

ስለ ሐይቁ ወለል የቀረው ነገር ያን ያህል የሚያስደስት አይደለም። በካርቦን መለኪያ ዕድሜያቸው የተመረመረ አንዳንድ የኒዮታውማ ዛጎሎች ከሺህ ዓመት በላይ የቆዩ ሆነው ተገኝተዋል፤ ስለዚህ ዛሬ አንድ ዓሣ የሚኖርበት ቤት ብዙ ትውልድ ሲወራረስ የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህ ምንጣፍ የሚያድሰው ቀንድ አውጣዎቹ እየኖሩና እየሞቱ ዛጎላቸውን ሲተዉለት ነው። በዳርቻው ኮረብታዎች ላይ ያለው ደን ሲመነጠር ግን ጎርፉ አፈሩን ወደ ሐይቁ ያወርዳል፤ ደለሉም ዛጎሉን ይቀብራል። በሌላ በኩል ሐይቁ እየሞቀ ሲሄድ የላይኛውና የታችኛው ውኃ መቀላቀል ይቀንሳል፤ ኦክሲጅን የሚደርስበት የሐይቅ ወለልም ይጠብባል። አንድሩ ኮሄንና ባልደረቦቹ በ2016 ባሳተሙት ጥናት ከ1946 ወዲህ የጠፋውን ኦክሲጅን ያለበት የወለል ክፍል 38 በመቶ አድርገው ገመቱት። 1946 የፖል ጉዞ የተጀመረበት ዓመት ነው።

ዓሦቹ በመስተዋት ገንዳዎች ውስጥ በብዙ አገር ስለሚራቡ ዘራቸው በቶሎ አይጠፋም ይባል ይሆናል። ኒዮታውማ ግን በቤት ገንዳ የለመደ እንስሳ አይደለም። ባለ ገንዳዎቹ ለዓሣው በፈረንሳይ ዛጎል ቤት ሠሩለት፤ በሐይቁ ውስጥ ቤት የሚሠራለት ቀንድ አውጣው ብቻ ነው።